ለግድግዳ መለመን

1981 ዓ.ም. ሰው በመዋጮ ብዛት የተንገሸገሸበት ዓመት ነበር። ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፤ ለቀበሌ ይቆረጣል፤ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የተቆረጠውም ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም። ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋይ ስለነበርኩ የየመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ሰነድ በእጄ ያልፋል። ከአንዳንዱ ሠራተኛ ስም ትይዩ የተደረደረውን ተቀናሽ አይቼ፣ የሚተርፈውን ስቆጥርለት ቀና ብዬ ፊቱን ማየት ይከብደኝ ነበር። ሰው ሰጠ አይባልም፣ ተወሰደበት እንጂ። የሕፃናት የልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን አቋቁመው «በፈቃዳችሁ ስጡ» ማለት የጀመሩት እንግዲህ በዚያ ዓመት ነው።

እኔን ጎትቶ ያስገባኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ልጁ ልቡን ታሞ ተራ ይጠብቃል። ሰባት ዓመቱ ነው ቢባልም አምስት የሞላው አይመስልም። አንድ ቀን አባቱ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስደው አብሬያቸው ወጣሁና ከታክሲ ማቆሚያው በላይ ያለችውን አጭር ዳገት አብረን ያዝን። ልጁ ጥቂት ይራመድና ቁጢጥ ይላል። ጉልበቱን ከደረቱ አጣብቆ፣ አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ይቀመጣል። ከንፈሩ የብዕር ቀለም የጠባ ይመስል ሰማያዊ ነው። አባትየው አይቆጣም፣ አይጎትትም፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቀዋል። አላፊ አግዳሚው ግን «ኧረ እዘለው፣ ምን ዓይነት አባት ነህ!» እያለ ያልፋል።

ቁጢጥ ማለቱ ራሱ መድኃኒት እንደነበር በኋላ ከሐኪሞቹ ሰማሁ። እንዲህ ያለው ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ልቡ ውስጥ ቀዳዳ አለው፤ ወደ ሳንባ የሚወስደውም መንገድ ጠባብ ነው። እግሩን አጥፎ ሲቀመጥ የእግሩ የደም ሥሮች ይጫናሉ፣ በዚህም ወደ ሳንባው የሚሄደው ደም ይበረክትለታል። ማንም ያስተማረው የለም። ሰፈር ውስጥ ሲጫወት ቁጢጥ እያለ የሚያርፍ ልጅ ባየሁ ቁጥር ወላጁን ፍለጋ ማንኳኳት ልማዴ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ አንዳንዱ በር ላይ ስድብም ጠጥቻለሁ።

ነገር ግን እንደዚያ ሆነው ከሚወለዱት በላይ ወረፋውን የሚያጨናንቁት፣ ልባቸው ደኅና ሆኖ ተወልደው በኋላ የሚበላሽባቸው ልጆች ነበሩ። ልጁ ጉሮሮውን ይታመማል። እናት «ቶንሲል ነው» ትላለች፤ ዳማከሴ ታሽለታለች፣ ወይም እንጥሉን ታስቆርጠዋለች። ጉሮሮው ይድናል። ሰውነቱ የጉሮሮውን ባክቴሪያ ለመዋጋት ያሰለፈው ኃይል ግን ከሳምንታት በኋላ ዞሮ የራሱን ገላ ይወጋል፤ ጉልበትና ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ ልቡም ይነካል። ሕመሙ እየተመላለሰ ሲመጣ የልቡ ቫልቮች ይጠባሉ፣ ወይም ገጥመው መዝጋት ያቅታቸዋል። ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባሉት ላይ ይበረታል። መከላከያው ፔኒሲሊን ነው። የፔኒሲሊኑን ነገር ኋላ አመጣዋለሁ፤ የዘመናት ንዴቴ ያለው እዚያ ላይ ነው።

በዚያን ጊዜ ልብ ከፍቶ የሚያክም ማዕከል አገር ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሐኪሞቹ በነፃ ወይም በቅናሽ የሚቀበል የውጭ ሆስፒታል ያፈላልጋሉ፤ እኛ ደግሞ ለቲኬት፣ ለልብስና ለአስታማሚ የሚሆን ገንዘብ እንለቅማለን። ኩፖን ሸጠናል። ቶምቦላ አውጥተናል። በየፋርማሲውና በየኬክ ቤቱ ሳጥን አስቀምጠናል። ቆጠራው የእኔ ድርሻ ነበር፤ ገንዘብ ስቆጥር ውዬ ማታና ቅዳሜ ከሰዓትም ገንዘብ እቆጥራለሁ። ባለቤቴ «የሰው ባል ሲቆጥር የራሱን ነው» ትለኝ ነበር።

ሳጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ የሳንቲሙ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። አሥር ሳንቲም፣ ስሙኒ፣ ሽልንግ፤ አልፎ አልፎ አራት ታጥፋ በቀዳዳው የገባች አንድ ብር። ብሯን ስዘረጋት ፈገግ ያለ የልጅ ፊት ያየኛል፤ የያኔዋ አንድ ብር ላይ የታተመው የወንድ ልጅ ምስል ነበር። በየኩፖኑ ጀርባ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ ይጻፋል። ሎሚ ቆጣሪው እኔ ነኝና ልናገር፤ ከሃምሳው ሰው አርባው ድሃ ነበር። የሀብታም ገንዘብ በሳጥን አይመጣም። በራት ግብዣ፣ በጭብጨባ፣ ስሙ በማይክሮፎን ሲጠራ ነው የሚመጣው። ክፋት የለውም፤ ገንዘብ ገንዘብ ነው። ልዩነቱ፣ ግብዣ ላይ ቃል የተገባው ሁሉ እስኪገባ ድረስ በስልክ የምንለምነው ልመና ከመጀመሪያው ይብስ ነበር።

ቆጠራው ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። የልጅ ፎቶ የተለጠፈበት ሳጥን ይከብዳል፤ ጽሑፍ ብቻ ያለበት ይቀላል። በጣም ይቀላል። ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ መንገድ ዳርና ዳር የመጡ ሁለት ሳጥኖች እንኳ አይወዳደሩም። ስለዚህ በየሳጥኑ ላይ ፎቶ ይለጠፍ ተባለ። የአንዲት ዓይነ ትልቅ ልጅ ፎቶ የነበረበት ሳጥን ከሁሉም ቀድሞ ይሞላ ነበር። ልጅቷ ተራዋ ሳይደርስ ዐረፈች። ፎቶዋን ላነሣ ስሄድ ፋርማሲስቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ ብሎ «ሄደች እንዴ?» አለኝ፤ ውጭ አገር ማለቱ ነው። መልስ ሳልሰጠው የሌላ ልጅ ፎቶ ለጠፍኩ።

በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ምንዛሪ ተቀየረ። ለብዙ ዓመት 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረው ዶላር 5 ብር ገባ። ባንክ ቤት ውስጥ ብዙ አወራነው፤ ስለ ቡና ላኪው፣ ስለ አስመጪው። እኔ ግን ሐሳቤ ያ ሁሉ ሳንቲም ላይ ነበር። የአንድ ልጅ ጉዞ ይሸፍናል ብለን ያጠራቀምነው ገንዘብ ከመንገድ ቀረ፤ ቲኬቱም ሆነ የውጭ ወጪው የሚሰላው በዶላር ነዋ። ሰጪው የሰጠው ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው። መሐል ላይ ያለው መንገድ ነው የረዘመው።

መንገድ ያሳጠሩልን ሰዎችም ነበሩ። እንደ ፈረንጆቹ በ1995 እስራኤል ውስጥ ሆሎን ከተማ በሚገኘው ወልፍሰን ሆስፒታል ዶክተር አሚ ኮኸን የሚባል የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ለድሃ አገር ልጆች ልብ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ፤ ስሙ ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት። መነሻ የሆኑት ከእኛ አገር የሄዱ ሁለት ልጆች ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጆች በቡድን በቡድን ይሄዱ ጀመር። እናት ግን አብራ አትሄድም፤ ለብዙ ልጅ አንዲት ነርስ ወይም አንድ አስታማሚ ነው የሚመደበው። እናት ልጇን ቦሌ ላይ ለማታውቃት ሴት አስረክባ ወደ ገጠሯ ትመለሳለች። ዛሬ በየሰው እጅ ስልክ አለ። ያኔ ከወሎ ገጠር የመጣች እናት የልጇን ወሬ የምትሰማው ወይ በሰው፣ ወይ ልጁ ራሱ በእግሩ ሲመጣ ነበር።

አብራ ሄዳ የተመለሰች አንዲት ነርስ የነገረችኝን አልረሳም። ልጆቹ ከቀዶ ሕክምና ሲነቁ የሚያዩት ነጭ ፊትና የማያውቁት ቋንቋ ነው፤ ያለቅሳሉ። በሙሴና በሰሎሞን ዘመቻ የገቡ ቤተ እስራኤላውያን እናቶች ወሬውን ሰምተው ይመጣሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «አይዞህ የኔ ጌታ» ሲሏቸው ልጆቹ ዝም ይላሉ። እንጀራም ይዘው ይመጡ ነበር አለችኝ፤ ሐኪሙ ይፈቅድ አይፈቅድ አልጠየቅኋትም። አሚ ኮኸን በ1993 ዓ.ም. ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ እንደወጣ ሞተ። ዜናው ሲደርሰን ቢሮው ውስጥ ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ማንም ሳይጠጣው በረደ።

ስንት ልጅ ውጭ ተልኮ ያልቃል? ጥያቄው ከመጀመሪያውም ነበረ። በአንድ ልጅ ጉዞ ወጪ እዚሁ ስንት ልጅ ይታከማል የሚለውን ሒሳብ ዶክተር በላይ በየስብሰባው ያነሡት ነበር። ሜካኒካል ቫልቭ የተገጠመለት ልጅ ዕድሜ ልኩን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል፣ በየጊዜው ደሙ ይለካል፤ ይህን የሚከታተል ቤት ከሌለ የውጭው ሕክምና ግማሽ ሕክምና ነው። ስለዚህ ማዕከሉ እዚህ ይሠራ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ይቁም ተባለ። ሁላችንም አጨበጨብን። የልመናው ዓይነት ሊለወጥ መሆኑ አልታየንም።

አንድ የመርካቶ ነጋዴ ነበሩ፤ ለልጅ ጉዞ ሲጠየቁ እጃቸው የማያጥር ሰው። ልጁን ሱቃቸው ድረስ ያስመጣሉ፣ ከረሜላ ይሰጣሉ፣ ከመሳቢያ አውጥተው ሳይቆጥሩ ያስጨብጡናል። ለሕንፃው ብለን ስንሄድ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙን።

«ልጁ የታለ?» አሉ።

«ጋሼ፣ የአሁኑ ለአንድ ልጅ አይደለም። ለሁሉም የሚሆን ቤት ነው።»

«ቤት መንግሥት ይሥራ። እኔ ለሲሚንቶ ምን ብዬ ነው የምጸልየው? ልጅ አምጡልኝ።»

ቅር ብሎኝ ወጣሁ እንጂ ሰውየው ማንም በልቡ የያዘውን ነበር በአፋቸው ያወጡት። ለልጅ የሰጠ ሰው ልጁ ሲድን ያያል፣ ስሙን በጸሎቱ ያነሣል። ለብረትና ለብሎኬት የሰጠ ምን ያያል? ዓመቱን ሙሉ የሰበሰብነው መሠረቱ ላይ ሲፈስ ያልቃል። ሲሚንቶ የጠፋበትና በእጥፍ የሚሸጥበት ሰሞንም አገኘን። ልመናው ረዘመ፤ በልመናው መሐል ስንቶቹ ልጆች እንዳደጉ፣ ስንቶቹም ሳያድጉ እንደቀሩ የሚያውቁት ካርድ ክፍሎቹ ናቸው።

ቼይን ኦፍ ሆፕ የሚባለው የለንደን በጎ አድራጎት ድርጅት ከጎናችን ባይሆን ሕንፃው ይቆም እንደነበር እጠራጠራለሁ። መሥራቻቸው ዝነኛው የልብ ቀዶ ሐኪም ሰር ማግዲ ያዕቆብ ናቸው፤ ትውልዳቸው ግብፅ። ዓባይ በተነሣ ቁጥር የሚያብጥ የአንገት ሥር ያለን ሰዎች ነንና አንዳንዴ ይህን ለወዳጆቼ ጣል አደርጋለሁ። ወሬ ይቀይራሉ።

በጥር 2001 ዓ.ም. ማዕከሉ ተከፈተ። የምረቃ ቀን ሁሉ አንድ ነው፤ ሪባን፣ ንግግር፣ ፎቶ። እኔ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የመጣውን የመለያ ቀን ነው። የውጭ ሐኪሞች ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ይመጣሉ፤ የሚያስፈልጋቸውን ዕቃ በሻንጣ ሞልተው ነው የሚመጡት። ከመምጣታቸው ጋር ከየክፍለ ሀገሩ የተጠሩ ልጆች ኮሪደሩን ይሞሉታል። ተራ በተራ ደረታቸው በኢኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ይታያል። ሐኪሞቹ በዚያች ሳምንት ሊሠሩ የሚችሉት ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ያመዛዝናሉ። ሕመሙ የቀለለ ይቆያል፣ የባሰበትም ቢሠራም አይተርፍም ተብሎ ይቆያል። መሐል ላይ ያለው ይመረጣል።

ስም የሚጠራው ከሰዓት በኋላ ነበር። ነጭ ነጠላዋ በአዋራ ቡናማ የሆነ እናት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ልጇ ጭኗ ሥር ካርቶን ላይ ተኝቷል። ስሞቹ ተጠርተው አለቁ፤ የልጇ የለበትም። አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች፤ ነጭ ሸሚዝና ክራቫት ስላደረግሁ ባለሥልጣን መስዬያት ነው። «ጌታዬ፣ የእኔ ልጅ የቀረው ስለቀለለው ነው ስለከፋው?» አለችኝ። የጠየቀችው ከሁሉም ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር። ነርሷ ጋ ወሰድኳት፤ ስለቀለለው ነበር። ስትሰማ ያኔ አለቀሰች፣ ተንሰቅስቃ። ልጇን አዝላ ስትወጣ ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ መንገድ አሳያት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621/2001 ወጥቶ ሰባ በመቶው ለዓላማ፣ ከሠላሳ ያልበለጠው ለአስተዳደር ይሁን ሲል፣ እንደ እኔ ያለ ሒሳብ ወዳድ ሰው እንኳ ራሱን አሞታል፤ የትኛው ወጪ ዓላማ፣ የትኛው አስተዳደር እንደሆነ ለመለየት ስንት ማታ እንዳመሸን። የወረቀቷ አንድ ብር ቀረችና በሳንቲም ተተካች፤ የልጁ ፊት ሄዶ የአንበሳ ራስና ሚዛን መጣ። ለቆጣሪ ተመችቷል፣ ለሳጥን ተሸካሚ ግን አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የእኛው ሐኪሞች የእንግዳ ቡድን ሳይጠብቁ ልብ ከፍተው መሥራት መጀመራቸው ነው። የልብና የሳንባን ሥራ ተክቶ የሚሠራውን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሌሊቱን የሚያድረው፣ ሁሉም የእኛው ሰው። ቡድኑን ያየሁት ምሳ ሰዓት ላይ ካፊቴሪያ ውስጥ ነው፤ ሽሮ አዝዘው ስለ ቤት ኪራይ ያወሩ ነበር።

እጅ ተገኘ፤ አሁን የሚያቆመው ዕቃ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ አገልግሎ የሚጣል ቱቦ አለ፣ ማጣሪያ አለ፣ ለአንዳንዱም ቫልቭ። ሁሉም በዶላር ይገዛል። ወረፋው ላይ ያሉት ከሰባት ሺህ በላይ ናቸው ሲባል ከሰማን ቆየን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል፣ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ቁጭ ባልኩበት፣ ያቺ የ1985ቷ ሒሳብ ተመለሰችብኝ። ሃምሳ ሰባት ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ወራት ሳይሞላው መቶን አለፈ። ሳጥኑ ሲሞላ ዕቃው ይጎድላል።

ወደ ፔኒሲሊኑ ልምጣ። ጉሮሮው በጊዜ የታከመ ልጅ ልቡ አይነካም። አንዴ የተነካም ቢሆን በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ቢወጋ ሕመሙ አይመላለስበትም። መርፌው ወፍራምና የሚያም ነው፤ ልጆች ቀኑ ሲደርስ አልጋ ሥር ይደበቃሉ። ከቀዶ ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ግን ዋጋው የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ኮሚቴ ውስጥ ስንት ጊዜ ተናገርኩ፤ ገንዘብ እንሰብስብ፣ በየወረዳው ጤና ጣቢያ መርፌው እንዳይጠፋ እናድርግ፣ መምህራን የጉሮሮ ሕመም ሲያዩ እንዲልኩ እናሠልጥን። ማንም አልተቃወመኝም። ሁሉም «ልክ ነህ» ይለኛል፤ በልክነቴ ተሰብስቦ የመጣ ብር ግን አላየሁም። ያልታመመ ልጅ ፎቶ ሳጥን አይሞላማ። ለሕንፃው ስንለምን ያየነው ችግር እዚህ ብሶ ተገኘ፤ ግድግዳ ቢያንስ ሲያልቅ ይታያል።

ባለፈው ዓመት በገቢ ማሰባሰቡ የምትሠራ አንዲት ወጣት ቤቴ መጥታ ነበር፤ ስለ ድሮው ልትጠይቀኝ። ሳጥን የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሁሉም በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ ነው። የአንድ ልጅ ቪዲዮ በቲክቶክ ለቃ በአንድ ምሽት የገባውን አሳየችኝ። እኔ በዓመት የማልቆጥረው ገንዘብ ነው። ልጁ ኦክስጅን አፍንጫው ላይ ተደርጎ ወደ ካሜራው ያያል።

«ሲያድግ ይህን ቢያይስ?» አልኳት።

«ካልለቀቅሁት አያድግማ፣ ጋሼ» አለችኝ።

መልስ የለኝም፤ እኔም ፎቶ ስለጥፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቡና ከቀማመስን በኋላ ግን የፔኒሲሊኑን ነገር አነሣሁባት። አዳምጣኝ ስታበቃ ስልኳን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ ለእሱ ምን ዓይነት ቪዲዮ እንደሚሆን ጠየቀችኝ። መርፌውን ፈርቶ አልጋ ሥር የተደበቀ ልጅ ብታገኚስ፣ አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ግን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ሰሞኑን ደውላ ሁለት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር፣ አንዱ ጋ መርፌው አልቋል አሉኝ፣ ቪዲዮውን መርፌ ሲገባ እሠራዋለሁ አለችኝ።